ርካሽ አገር የቱ ነው? ውጭ አገር ለመማር ከማመልከታችን በፊት የምንሠራው ሂሳብ



እዚህ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ከኳስ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚነሳው ጨዋታ «ውጭ ሄዶ መማር» ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አቦ፣ ርካሽ አገር የቱ ነው?» መልሱ ግን እንደ መላሹ ነው። አንዱ «ጀርመን በነፃ ነው» ይላል። ሌላው «ህንድን የሚያህል የለም» ይላል። ሦስተኛው የአጎቱ ልጅ ቱርክ ስለሚማር ከቱርክ ሌላ አገር ያለ አይመስለውም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ሙሉውን ሂሳብ የሚሠራ ግን የለም።

የሚገርመው ደግሞ የሂሳብ ተማሪዎች ሆነን ይህን ማድረጋችን ነው። ታይዋን ሄደን ሞባይል ስንገዛ እንኳ ዋጋውን ብቻ ጠይቀን አንመለስም፤ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ቻርጀር አለው ወይ፣ ቢበላሽ ማን ይቀበለኛል እንላለን። የአራት ዓመት ትምህርት ስንመርጥ ግን የምንጠይቀው አንድ ቁጥር ነው፤ የትምህርት ክፍያው ስንት ነው የሚለውን ብቻ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ከዕቁብ ነው፤ ከእናት ወርቅ ነው፤ ከተሸጠ ሱቅ ወይም ጂቡቲና አረብ አገር ካለ ወንድም ነው። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ አልቆበት ቢመለስ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ግማሽ ዲግሪ የሚባል ነገር ስለሌለ የወጣው ሁሉ መምህራኖቻችን «ሰንክ ኮስት» የሚሉት ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ርካሽ አገር ስል የትምህርት ክፍያው ትንሽ የሆነውን አገር ማለቴ አይደለም። እስከ ምረቃ ድረስ ያለውን ጠቅላላ ወጪ፣ በሚፈለግበት ቀንና በሚፈለግበት የገንዘብ ዓይነት ቤተሰባችን ወይም ሌላ ከፋይ ሊሸፍንልን የሚችልበትን አገር ማለቴ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ማን ነበር የሚከፍለው?

ኢትዮጵያውያን ውጭ አገር መማር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ቼኮዝሎቫኪያ ተልከዋል። ድሬዳዋን ራሷን ካስጨነቀው የ1969 እና 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ኩባ ሄደው ተምረዋል፤ ከእነሱም አባቶቻቸውን በዚያ ጦርነት ያጡ ነበሩባቸው። ያኔ «የትኛው አገር ይረክሳል?» የሚል ቤተሰብ አልነበረም። አገሩን የሚመርጠውም ወጪውን የሚችለውም መንግሥትና መንግሥት ነበር።

ዛሬ ግን ከፋዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ መንግሥት ወይም ተቋም ነው፤ ሌላው የገዛ ቤተሰባችን ነው። ስለዚህ «የት ልሂድ?» ከማለታችን በፊት «ማን ይከፍላል?» ማለት ይኖርብናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው ሁለተኛው ሲመለስ ነው።

«በነፃ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ምኑን ነው?

ጀርመንን እንውሰድ። የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ከውጭ ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ይህ እውነት ነው። ግን እዚያም ልዩነት አለ። የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል።

ክፍያ በሌለበት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ቪዛ ለማግኘት «ብሎክድ አካውንት» የሚባለው አለ። ተማሪው የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ በዝግ ሂሳብ ያስገባል፤ ከዚያ ባንኩ በየወሩ እየቆራረጠ ይለቅለታል። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ይህ ገንዘብ 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ተደርጓል። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ዩሮ በ150 ብር ነው ብለን እንያዝ (እናንተ የዕለቱን ዋጋ ተኩበት)። 11,904 በ150 ሲባዛ 1,785,600 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ እንግዲህ «በነፃ» ለሚባለው አገር፣ ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ነው።

ገንዘቡ የራሳችን ነው፣ ተመልሶ እኛው እንበላዋለን የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን የሚበላ ገንዘብ ወጪ ነው። በሁለተኛውም ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ መተዳደሪያ ማሳየት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የእኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ስለማያስገባ «ሽቱዲየንኮሌግ» የሚባል የአንድ ዓመት መሰናዶ ሊጠየቅ ይችላል። የሦስት ዓመት ዲግሪ አራት ዓመት ሆነ ማለት ነው፤ በዚሁ ሂሳብ 47,616 ዩሮ ይመጣል።

አሁን ሌላ አገር በምናባችን እንውሰድና የትምህርት ክፍያው በዓመት 2,500 ዶላር፣ መኖሪያው 3,000 ዶላር ነው እንበል። አራት ዓመት 22,000 ዶላር ነው። «የሚያስከፍለው» አገር «ከማያስከፍለው» በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለዚህ ነው የትምህርት ክፍያን ብቻ አይቶ መወሰን የሚያሳስተው።

«በነፃ» የሚለው ነገር ደግሞ ዕድሜ አለው። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 ከአውሮፓ ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ ክፍያ ጀምረዋል። እስከ መጨረሻው ነፃ ሆና የቆየችው ኖርዌይ እንኳ በ2023 ተከተለቻቸው። ከአምስት ዓመት በፊት የሄደ ሰው የሚነግረን መረጃ ለእሱ እውነት ነበር፤ ለእኛ ላይሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ በወረቀት ላይ ውድ የሆነው የሚረክስበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ እንደ ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉት ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የገንዘብ አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍኑለታል። ለአንድ የድሬ መምህር ልጅ ከነዚህ አንዱ ከየትኛውም «ርካሽ» ኮሌጅ በላይ ሊረክስ ይችላል። ችግሩ ከመቶ አመልካች የሚያልፉት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ውጤቱ ያለው ይሞክር፤ እቅዱን በሙሉ በእሱ ላይ ግን አይመሥርት።

የብር ነገር

ሁለተኛው ጉዳይ ከማናችንም ቁጥጥር ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሴት ልጁን የ5,000 ዶላር ክፍያ ለመሸፈን 285,000 ብር ያስቀመጠ አባት፣ አንድም ብር ሳያባክን፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚያስፈልገው ሆነ። ያ አባት ያጠፋው ነገር የለም። ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር መሆኑ ነው የጎዳው።

እዚህ ላይ በክፍል የተማርነው የምንዛሪ ሥጋት በተግባር ይመጣል። የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎ መሄድ ቀላሉ ነው፤ ሥጋቱ ያለው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ የውጭ ትምህርት በጀት ስንሠራ ዛሬ ባለው ዋጋ አንድ ጊዜ፣ ብር በሌላ 30 ከመቶ ቢዳከም ደግሞ ሌላ ጊዜ እናስላው። በሁለተኛው ስሌት ቤተሰባችን የሚወድቅ ከሆነ ያ አገር ለእኛ ርካሽ አይደለም። ወጪውን ለመሸፈን በዶላር ወይም በዩሮ ገቢ ያለው ዘመድ ካለ ደግሞ ሂሳቡ ይለወጣል። ሁለት ጎረቤታሞች ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የተለያየ መልስ ሊኖራቸው የሚችለውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚፈለገው መቼ ነው?

ሦስተኛው ነጥብ መምህራኖቻችን ሁልጊዜ የሚደጋግሙት ነው፤ ትርፍ ያለው ድርጅት በካሽ እጥረት ሊዘጋ ይችላል። ተማሪም እንዲሁ ነው።

ለምሳሌ ጣሊያንን እንይ። በጣሊያን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ከአብዛኛው ክፍያ ነፃ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ክልሎቹ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጡት ድጎማ አለ፤ ከቤቱ ርቆ ለሚማር ተማሪ በዓመት ከ6,000 ዩሮ በላይ ሊደርስ ይችላል። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ግን ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የቤተሰብን ገቢና ንብረት የሚያሳይ ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ አለበት፤ ይህ ከመሄድ በፊት እዚሁ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ድጎማው የሚለቀቀው በክፍልፋይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምንኖርበት ገንዘብ ከኪሳችን መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ክሬዲት ያላለፈ ተማሪ ድጎማውን ያጣል፤ የወሰደውንም መልስ ሊባል ይችላል።

ሃንጋሪም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጠናለች። «ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም» የተባለው የመንግሥቱ የነፃ ትምህርት ዕድል በ2013 የተጀመረ ሲሆን የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ ዶርም ወይም የቤት ኪራይ ድጋፍም ይሰጣል። ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጠው ወርሃዊ ገንዘብ ግን 43,700 ፎሪንት፣ ማለትም ወደ 110 ዩሮ ገደማ ነው። የአውሮፕላን ትኬትም አይጨምርም። ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ያገኘው ሰው ሊደሰት ይገባዋል። ነገር ግን «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘሁ» ብሎ ኪሱን ባዶ አድርጎ የሄደ ልጅ በሁለተኛው ወር ለቤተሰብ መደወሉ አይቀርም።

ቋንቋና ወረቀት

የቋንቋ ዓመትም ወጪ ነው፤ ጊዜ ስለሚበላ። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» የትምህርት ክፍያን፣ ዶርምን፣ ወርሃዊ ገንዘብን፣ የጤና መድንን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ይሸፍናል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይከፈታል፤ ማመልከት ምንም አያስከፍልም። የዕድሜ ገደብ አለው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከ30 ዓመት በታች መሆን ያስፈልጋል። የቻይና መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድልም ክፍያንና ዶርምን ሸፍኖ ለመጀመሪያ ዲግሪ በወር 2,500፣ ለሁለተኛ 3,000፣ ለሦስተኛ ዲግሪ 3,500 ዩዋን ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪው ግን በአብዛኛው በቻይንኛ ስለሆነ አንድ ዓመት ለቋንቋ ይጨመራል። ህንድ በዚህ በኩል ትቀለናለች፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ መንግሥቷም በባህል ግንኙነት ምክር ቤቷ በኩል ለአፍሪካ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ትሰጣለች።

ስለ ቋንቋ ከተነሳ የከዚራ ልጅ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ይህች ከተማ በ1902 ከባቡር ጋር የተወለደች ናት፤ ከዚራም የፈረንሳዩ የምድር ባቡር ኩባንያ የቀየሳት ሰፈር ናት። የባቡሩ አባቶች ፈረንሳይኛ የሚናገሩት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ስለነበሩ ሳይሆን የሥራ ቋንቋቸው ስለነበረ ነው። አሊያንስ ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ አለልን። ፈረንሳይ በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያዋን ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ወደ 2,770፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ 3,770 ዩሮ አሳድጋለች፤ ከዚያም በኋላ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው። ይሁንና ተማሪን ከዚህ ጭማሪ ነፃ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ እያንዳንዱን መጠየቅ ነው። ለቪዛ ደግሞ በወር 615 ዩሮ ማሳየት ሲጠየቅ ቆይቷል፤ ይህም ከጀርመኑ ያነሰ ነው። ቋንቋውን እዚህ በብር ተምሮ መጨረስ፣ እዚያ ሄዶ በዩሮ ከመማር ምን ያህል እንደሚሻል ለሂሳብ ተማሪ አልነግርም።

የወረቀቱም ጣጣ በበጀት ይግባ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የኮሌጅ ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ትርጉሙ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አንዳንዴም በኤምባሲው መረጋገጥ ይኖርበታል። ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። የእኛ ልጅ አንድ ማኅተም በጎደለበት ቁጥር የደርሶ መልስ መጓጓዣና ማደሪያ ይከፍላል። ሁሉንም ዝርዝር ይዞ አንድ ጊዜ መሄድ ራሱ ቁጠባ ነው።

ቅርበትና ሰላም

«ታዲያ ለምን እዚሁ ጂቡቲ አንማርም?» የሚል አይጠፋም። የጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የተቋቋመ ነው፤ በባቡርም ቅርባችን ነው። ነገር ግን ማስተማሪያው በዋናነት ፈረንሳይኛ ነው። የጂቡቲ ፍራንክም ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ብር ሲወርድ ጂቡቲ በዚያው ልክ ትወደድብናለች። የቀረበ ሁሉ አይረክስም ማለት ነው።

ሰላምም የዋጋው አካል ነው። ካርቱም ያለው ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አፍሪካ ከአህጉሩ ሁሉ ተማሪ ሲቀበል የኖረ ነው፤ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ በከተማዋ ያሉ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ጥለው መሸሽ ሆነባቸው። ዩክሬን ሕክምና በርካሽ የሚማርባት አገር ተብላ በአፍሪካና በህንድ ትታወቅ ነበር፤ በየካቲት 2022 የውጭ ተማሪዎች ሻንጣ እየጎተቱ በፖላንድ ድንበር ተሰለፉ። ሩሲያ ዛሬም የነፃ ትምህርት ዕድል ትሰጣለች፤ ግን በ2022 ቪዛና ማስተርካርድ ሥራቸውን ስላቋረጡና ትልልቅ ባንኮቿ ከዓለም አቀፉ የክፍያ መልእክት መረብ ስለወጡ ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ ጠቧል። ሰሜን ቆጵሮስ ደግሞ ከቱርክ በስተቀር ማንም መንግሥት ያላወቃት ግዛት ናት። እዚያ ያሉ ኮሌጆች «ግማሽ ስኮላርሺፕ» እያሉ ተማሪ ይጠራሉ፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚጠጉበት የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለም። ይህን ሁሉ የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ርካሽ የሆነ ነገር ሲቀርብልን ለምን እንደረከሰ ብንጠይቅ ምን አለበት?

«እዚያ ሠርቼ እከፍላለሁ»

ይህን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የለም። ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ጀርመን ከ2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራትን ትፈቅዳለች። ካናዳ ከኅዳር 2024 ጀምሮ በትምህርት ወቅት በሳምንት 24 ሰዓት ከግቢ ውጭ መሥራትን ትፈቅዳለች፤ ከዚያ በፊት ግን ከመስከረም 2025 ጀምሮ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር፣ ከትምህርት ክፍያ ሌላ፣ አሳዩኝ ትላለች። አሜሪካ በትምህርት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው የምትፈቅደው። በህንድ በተማሪ ቪዛ መሥራት አይፈቀድም።

የተፈቀደበትም አገር ቢሆን መፈቀድና ሥራ ማግኘት ይለያያሉ፤ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። በክፍል «ያልተረጋገጠ ገቢን እንደ ገቢ አትመዝግቡ» ተብለን የለ? እዚያ የሚሠራ ሥራ መጠባበቂያ ይሁን እንጂ የትምህርት ክፍያ መሠረት አይሁን።

ደላላ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ከላይ የጠቀስኳቸው የቱርክ፣ የሃንጋሪና የህንድ መንግሥታት የነፃ ትምህርት ዕድሎች ማመልከቻቸው በኢንተርኔት ነው፤ አይከፈልበትም። ቅጽ ሞልቶ ለሚሰጥ ሰው የጉልበቱን መክፈል ክፋት የለውም። «ስኮላርሺፑን አስገኝልሃለሁ»፣ «ቪዛው እርግጠኛ ነው» የሚል ሰው ግን የሌለውን ነው የሚሸጠው፤ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው፣ ቅበላ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የቅበላ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል በራሳችን እንጠይቅ። የትምህርት ክፍያም በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ አይገባም፤ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው የሚገባው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በእኛ ሙያ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ስንመለስስ?

ከውጭ የመጣ ዲግሪ እዚህ አገር እንዲሠራ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። ኮሌጁ በራሱ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ በኢንተርኔት ብቻ የተሰጠ ትምህርት ከሆነ ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ከመሄዳችን በፊት ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ ከመቶ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ስለነበሩ ብዙ ቤተሰብ ተጨንቆ ወደ ውጭ ማየቱ አይገርምም። የተጨነቀ ገዢ ግን ዋጋ አይከራከርም፤ ለዚያ ነው ይበልጥ መጠየቅ ያለበት።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ቤተሰቡ በብር ለሚተዳደር አብዛኛው የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪ ርካሹ መንገድ የመጀመሪያ ዲግሪን እዚሁ በጥሩ ውጤት ጨርሶ ለሁለተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል መወዳደር ነው። ምክንያቱም ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት ዕድሎች በብዛት ያሉት በዚያ ደረጃ ነው። ከ2004 ጀምሮ ያለው ኤራስመስ ሙንዱስ የትምህርት ክፍያን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የጀርመኑ ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ደግሞ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲም በናይሮቢ፣ በኢባዳን፣ በያውንዴና በትለምሰን ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች ወጪ ይሸፍናል። በጀርመንም ቢሆን በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት በብዛት ያለው በማስተርስ ደረጃ ነው፤ የሁለት ዓመት ወጪም ከአራት ዓመት ያንሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት ዛሬ በእጃችን ያለ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ ስለማይገኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ ውጤት፣ እንግሊዝኛ፣ የሥራ ልምድና የሚያውቀን መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ናቸው። በሙያችን ደግሞ ሌላም በር አለ፤ የኤሲሲኤ ፈተናዎችን አገር ሳይለቁ መውሰድ ይቻላል። ክፍያው በፓውንድ ቢሆንም ቤት ኪራይና ትኬት የለበትም።

አሁኑኑ የመጀመሪያ ዲግሪውን ውጭ ለመማር የቆረጠ ካለም እንዳይሄድ አልልም። ብቻ አንድ ወረቀት ወይም ኤክሴል ከፍቶ አምስት መስመር ይሙላ።

1. ከመነሳት በፊት የሚወጣ፦ ፓስፖርት፣ ማስረጃ፣ የቋንቋ ፈተና፣ ቪዛ፣ ትኬት፣ የሚታይ ገንዘብ።
2. በየዓመቱ የሚወጣ፦ ክፍያ፣ ቤት፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ የመኖሪያ ፈቃድ። ይህ በጠቅላላው የዓመት ብዛት ይባዛል፤ የቋንቋ ዓመትም ይቆጠራል።
3. የተረጋገጠ ገቢ፦ በደብዳቤ የተጻፈ ድጎማና ዘመድ ቃል የገባው ሳይሆን ሊሰጥ የሚችለው።
4. ብር በ30 ከመቶ ቢዳከም የሚጨመረው።
5. ነገሩ ቢበላሽ ወደ ቤት መመለሻ ትኬትና የሦስት ወር መኖሪያ።

ይህን ለሦስት አገሮች ሠርቶ ከአባትና ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው። ሱቁ ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ውይይት የሚጀመረው ያኔ ነው። አበው «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚሉት ሳያሰላ ለተነሳ ሰው ነው፤ የመድረሻውንም የመንገዱንም ወጪ አስልቶ የተነሳን አይመለከትም።

ስለዚህ ጉዳይ የተሻለ መረጃ ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ ተምራችሁ የተመለሳችሁ መምህራኖቻችን፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ብዙ ተማሪ ትጠቅማላችሁ። ሂሳባችሁ የሚመጣጠን፣ መንገዳችሁም የቀና ይሁን። ቸር እንሰንብት!